ቪኤፍ፣ ኤዩ ወይስ ኤምኤስ፦ የትኛውን የሳንቲም ደረጃ ልግዛ?

ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የታተሙበት ዓመት አንድ ነው። ማተሚያ ቤታቸው አንድ ነው። የብር ይዘታቸውም እኩል ነው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሻጩ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ይሄ ኤዩ 58 ነው፣ ያኛው ደግሞ ኤምኤስ 65።» እነዚህ ሳንቲም ምን ያህል እንደተበላ የሚገልጹ የደረጃ ስሞች ናቸው፦ ቪኤፍ በመጠኑ የተበላ፣ ኤዩ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተሠራበት፣ ኤምኤስ ፈጽሞ ያልተበላ ማለት ነው።

አዲስ ሰብሳቢ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው ብሎ ያስባል፤ ወይ አቅሙ የማይፈቅደውን ይገዛል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እኔ ግን የምመክረው በሌላ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ሳንቲሙን ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ። ቀጥሎ ያ የተለየ ሳንቲም ዋጋው የሚዘለው ከየትኛው ደረጃ ወደ የትኛው ሲያልፍ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ከዝላዩ በታች ያለውን፣ ያልታጠበና ያልተነካካ ሳንቲም ፈልጉ። ለአብዛኛው ሰው የተሻለው ግዢ እዚያ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ደረጃ የሚወጣው አምስት ነገሮች ታይተው ነው። እኩል ክብደት ግን የላቸውም።

ቀዳሚው መበላት ነው። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የወጣው ቦታ ነው። ስለዚህ የምትገዙት ሳንቲም ከፍታው የት እንደሆነ ሳታውቁ ደረጃውን መገመት አትችሉም። በድሮው የአሜሪካ የሞርጋን ዶላር (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 የታተመው) የሚታየው በፊቱ ላይ ካለችው ሴት ጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና በጀርባው ያለው የንስሩ ደረት ነው። እነዚህ ቦታዎች ቀለማቸው ከአካባቢው ተለይቶ ግራጫ ወይም ደብዛዛ ከሆነ ሳንቲሙ ተሠርቶበታል።

ሁለተኛው ጸዳል ነው። ማተሚያው ብረቱን ሲጫነው ብረቱ ወደ ጠርዝ ይፈስሳል። ሲፈስ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች ጥሎ ያልፋል። ብርሃን የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ሳንቲሙን ከአንድ አምፖል ሥር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉት የብርሃን ዘንግ ፊቱ ላይ ዙሪያውን ይሽከረከራል። እነዚያ መስመሮች በአጠቃቀም ወይም በመወልወል ከጠፉ አይመለሱም። ሰው ወልውሎ የሚያመጣው ብልጭታ ሌላ ዓይነት ነው። ሳንቲሙን ስታዘነብሉት አይሽከረከርም፣ ከየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ሆኖ ያበራል። ይህን ልዩነት ለመለየት ዓይናችሁን ማሠልጠን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የግጭት ምልክትና ጭረት ነው። ትልልቅ የብር ሳንቲሞች ከማተሚያ ቤት የሚወጡት በጆንያ ታጭቀው ነበር። እርስ በርስ እየተጋጩ ስለሚጓዙ ገበያ ያልወጣ ሳንቲም ሳይቀር ጠባሳ ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ ከብዛቱ ይልቅ ቦታው ይወስናል። ጉንጭ ላይ ወይም ባዶው ሜዳ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ፀጉር ውስጥ ከተደበቁ አምስት ጭረቶች የበለጠ ትጎዳለች።

አራተኛው የማተሚያው ምት ነው። አንዳንድ ሳንቲም ገና ሲወለድ ደካማ ነው። በ1892 ኒው ኦርሊንስ የታተመው የሞርጋን ዶላር ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ጠፍጣፋ በመሆኑ ይታወቃል። በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ የታተመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ሚዛን ብትለኩት «ተበልቷል» ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። መለያው ይሄ ነው፦ በደካማ ምት የጠፈጠፈ ቦታ ጸዳሉን ይይዛል፤ በመበላት የጠፈጠፈ ቦታ ግን ደብዛዛ ነው።

የመጨረሻው ዓይነ ግቡነት ነው። የቀለሙ ሁኔታ፣ የጸዳሉ ሙላት፣ አጠቃላይ መልኩ። ይህኛው ብዙ ያከራክራል፤ ባለሙያዎችም ይለያዩበታል። መዳብ ላይ ግን ቀለም ራሱን የቻለ ምድብ አለው፦ ቀይ፣ ቀይ ቡናማ እና ቡናማ። ሁለት የመዳብ ሳንቲሞች ቁጥራቸው እኩል ሆኖ ቀዩ ከቡናማው በብዙ ሊወደድ ይችላል።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ከ1 እስከ 70 ያለውን ሚዛን ያወጣው ዊልያም ሼልደን ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1949 ሲሆን፣ የታሰበውም ለጥንቶቹ የአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሴንቶች ነበር። ሐሳቡ 70 የሆነው ሳንቲም 1 ከሆነው 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። የዋጋው ስሌት ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ቁጥሩ ግን ተረፈ፤ በ1970ዎቹ የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ለሌሎች ሳንቲሞችም አዋለው። ገምጋሚ ድርጅቶቹ ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ሲጀምሩ ሳንቲም መርምሮ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ በፕላስቲክ ማሸግ የተለመደ ሆነ።

ስለ ቁጥሩ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ እርከኖቹ እኩል አይደሉም። ከ1 እስከ 58 ያለው የመበላት መጠን ነው። ከ60 እስከ 70 ያለው ግን ምንም ያልተበላ ሳንቲም በጭረቱ፣ በጸዳሉና በምቱ የሚለይበት ነው። 59 የሚባል ደረጃ የለም። ሁለተኛ፣ ሁሉም አገር በዚህ ሚዛን አይጠቀምም። ብሪታንያውያን ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ እነሱ ኢኤፍ (በአሜሪካኖቹ አጠራር ኤክስኤፍ) ያሉት ሳንቲም በአሜሪካኖቹ ሚዛን ብዙውን ጊዜ ኤዩ አካባቢ ይወድቃል። ጀርመኖችና ፈረንሳዮችም የየራሳቸው የደረጃ ስም አላቸው። ከውጭ ሻጭ ስትገዙ በየትኛው አገር ሚዛን እንደሚናገር ጠይቁ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ከጉድ እስከ ፋይን (ከ4 እስከ 15)።* ጉድ የሚለው ስም እንዳያሳስታችሁ። ጉድ 4 ክፉኛ የተበላ ነው፤ ቅርጹ በጥላ ብቻ ይታያል፣ ዓመቱ ግን ይነበባል። ፋይን 12 ሲደርስ ፊደላቱ ሁሉ ጥርት ይላሉ፣ የውስጡ ዝርዝርም ግማሽ ያህሉ ይተርፋል። ይህ ደረጃ የሚያዋጣው ሳንቲሙ ራሱ ብርቅ ሲሆን ነው። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ የታተመው የሞርጋን ዶላር 100,000 ብቻ ስለሆነ በየትኛውም ደረጃ ይፈለጋል። እንዲህ ያለውን በዝቅተኛ ደረጃ መግዛት ብቸኛው መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። በሽ በሽ የሆነ ሳንቲም በዚህ ደረጃ ስትገዙ ግን የምትከፍሉት ለብረቱ ነው። መልሶ መሸጡም ያደክማል።

*ቪኤፍ እና ኤክስኤፍ (ከ20 እስከ 45)።* እዚህ ላይ ሳንቲሙ ይናገራል። ቪኤፍ ላይ ዋና ዋናው ዝርዝር አለ፤ ኤክስኤፍ ላይ ሁሉም ዝርዝር ይታያል፣ መበላቱ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ፊደላቱ ሥር ተሸሽጎ የቀረ ጸዳልም ሊኖር ይችላል። ዓመት በዓመት እያሟላ ሙሉ ስብስብ ለሚሠራ ሰው የኔ ቀዳሚ ምርጫ ይህ ነው። ዋጋው ይቻላል፣ መልኩ ያምራል፣ ግራጫው ተፈጥሯዊ ከሆነ ደግሞ ግርማ አለው። በዚህ ደረጃ በጣም ተጠንቀቁ የምለው ከተወለወለ ሳንቲም ነው። የተበላ ሳንቲም ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው።

*ኤዩ (ከ50 እስከ 58)።* ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተሠራበት። ኤዩ 50 ላይ ጸዳሉ ግማሽ ያህል ቀርቷል፤ ኤዩ 58 ላይ ሙሉ ሊባል ትንሽ ቀርቶታል፣ መበላቱን ለማየትም ማዘንበል ያስፈልጋል።

ስለ 58 ትንሽ ልቆይ። ይህ ሳንቲም ጥቂት እጅ ከነካው በስተቀር ብዙ ጊዜ የ64 ያህል ንጹሕ ፊት አለው። ኤምኤስ 60 ወይም 61 የተባለው ደግሞ አልተበላም፤ ግን ጆንያ ውስጥ እየተጋጨ ፊቱ ተጨማድዷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ደረጃቸውን ሳታዩ «የቱ ያምራል?» ብትባሉ ጣታችሁ ወደ 58ቱ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ60ው ያንሳል። ውበት ፈልጎ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ይህ ደረጃ ዋጋው የሚዘልበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። በ1884 ሳን ፍራንሲስኮ 3,200,000 የሞርጋን ዶላር ታትሟል። ተበልቶ ሲገኝ ርካሽ ነው፤ ያልተበላው ግን እጅግ ብርቅ ስለሆነ ዋጋው በመቶዎች እጥፍ ይዘላል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ላይ በ58 እና በ60 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ገምጋሚ ዓይን ነው። ሻጭ ኤዩውን ኤምኤስ ለማለት የሚገፋፋውም እዚህ ነው። ያልታሸገ ከሆነ አትቸኩሉ።

*ኤምኤስ ከ60 እስከ 63።* ያልተበላ፣ ግን ምልክት የበዛበት። 63 ላይ ደህና ናቸው። ከ60 እስከ 62 ያሉትን የምገዛው ሳንቲሙ ከዚያ በላይ ሲወጣ አቅም የማይፈቅድ ከሆነ ብቻ ነው።

*ኤምኤስ ከ64 እስከ 66።* ሙሉ ጸዳል፣ ጥቂት ምልክት፣ ጥሩ ምት። በተለይ 65 በገበያው ትልቅ ድንበር ነው፤ ከ64 ወደ 65 ሲታለፍ ዋጋው ብዙ ጊዜ በደንብ ይጨምራል። ጥሩ 64 ከደካማ 65 ጋር ለመለየት ባለሙያም ይቸገራል። ይህን ልዩነት ለማስተናገድ ከ2010 ጀምሮ ትልልቆቹ ገምጋሚዎች ከቁጥሩ ጎን የመደመር ምልክት ማኖር ጀምረዋል። ምክሬ ግልጽ ነው፦ ዓይነ ግቡ 64 አግኝታችሁ ከሆነ ለ65 አትንገብገቡ።

*ኤምኤስ ከ67 እስከ 70።* 70 ማለት በአምስት እጥፍ ማጉያ ሲታይ ከታተመ በኋላ የደረሰበት ምንም ጉድለት የማይገኝበት ነው። የድሮ ሳንቲም በ67 ሲገኝ በእርግጥ ብርቅ ሊሆን ይችላል። የዘመኑ ሳንቲም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከማተሚያ ቤት በጥንቃቄ የሚወጣ ስለሆነ 69 እና 70 በገፍ ይገኛል፤ ሌላ ሰው ነገ ሌላ ሲያስገመግም ቁጥሩ ይጨምራል። የ69 እና የ70 ልዩነት በዓይን አይታይም። ለዚያ ልዩነት ብዙ እጥፍ መክፈል የሚያስኬድ አይመስለኝም።

*ፕሩፍ።* ብዙ ሰው ፕሩፍን የደረጃዎች ሁሉ አናት አድርጎ ያስባል። ፕሩፍ የአሠራር ዓይነት ነው፤ በተወለወለ ማተሚያና በተወለወለ ዝርግ ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ ለሰብሳቢ የሚወጣ። የራሱ ደረጃ ከ1 እስከ 70 አለው። ሜዳው እንደ መስተዋት ስለሆነ አንዲት የጨርቅ ጭረት እንኳ ታጋልጠዋለች። ለስጦታ ያምራል። ጣት እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቁ።

*ዲቴይልስ የሚል ቃል የተጻፈበት።* ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፣ ግን ጉዳት አለበት ማለት ነው፦ ታጥቧል፣ ተፍቋል፣ ተበስቷል፣ ለጌጥ ተበይዶ ተነቅሏል፣ ዝገት በልቶታል፣ ወይም ተቀርጾ ተጠግኗል። ቁጥር አይሰጠውም። በጣም ለሚወደድ ብርቅ ሳንቲም ዋጋው ወረድ ካለ ሊታሰብ ይችላል። ለተራ ሳንቲም ግን ተዉት። ስትሸጡት የሚገጥማችሁ ገዢ የእናንተን ያህል ቸር አይሆንም።

በአንድ እይታ

| ደረጃ | መበላት | ጸዳል | ዋናው ስጋት | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|
| ጉድ – ፋይን (4–15) | ከባድ | የለም | ለመሸጥ ማስቸገሩ | ብርቅ ሳንቲም በአነስተኛ ገንዘብ ለሚሻ |
| ቪኤፍ – ኤክስኤፍ (20–45) | መካከለኛ እስከ ቀላል | ጭላንጭል | የተወለወለ መሆኑ | ሙሉ ስብስብ ለሚሠራ |
| ኤዩ (50–58) | ጫፍ ላይ ብቻ | ከግማሽ እስከ ሙሉ ሊባል | በኤምኤስ ዋጋ መሸጡ | ውበት ለሚሻ |
| ኤምኤስ 60–63 | የለም | አለ፣ ሊደበዝዝ ይችላል | የምልክት ብዛት | ከዚያ በላይ አቅም ለማይፈቅድ |
| ኤምኤስ 64–66 | የለም | ሙሉ | የአንድ ነጥብ የዋጋ ዝላይ | ልምድ ላለው |
| ኤምኤስ 67–70 | የለም | ልዩ | በዘመኑ ሳንቲም ላይ መብዛቱ | ለድሮ ብርቅ ሳንቲም ብቻ |
| ፕሩፍ | እንደ ሁኔታው | መስተዋት መሰል | የጣት አሻራና የጨርቅ ጭረት | ለስጦታ፣ ለዓይነት ስብስብ |
| ዲቴይልስ | እንደ ሁኔታው | ብዙ ጊዜ የጠፋ | እንደገና መሸጥ | ክፍተት መሙያ |

የታሸገ ልግዛ ወይስ ያልታሸገ?

ማሸጊያው ሦስት ነገር ይሰጣችኋል፦ ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዋስትና፣ በሌላ ሰው የተሰጠ ደረጃ፣ ከጣትና ከጭረት መከላከያ። በአንጻሩ የምርመራና የመላኪያ ወጪ አለው። ሳንቲሙ ርካሽ ከሆነ ወጪው ከሳንቲሙ ይበልጣል። ስለዚህ ርካሹን ሳይታሸግ ግዙ። ውዱን፣ በብዛት የሚጭበረበረውን፣ ወይም ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ታሽጎ ግዙ። የ1893ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ዶላር ላይ የታተመበትን ከተማ የሚያሳየውን ምልክት በሐሰት የሚለጥፉ ስላሉ እንዲህ ያለውን ሳይታሸግ መግዛት ራስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ማሸጊያውም ራሱ ይጭበረበራል። የምስክር ወረቀቱን ቁጥር በገምጋሚው ድረ ገጽ አስገቡ። ፎቶ ካለ ጭረቱን ከጭረቱ ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ሳንቲሙ ሌላ የሆነበት አጋጣሚ አለ።

ደረጃም ሐሳብ ነው። አንድ ሳንቲም ከማሸጊያው ወጥቶ እንደገና ቢላክ 64 የነበረው 65፣ ወይም 63 ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው ካክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ተቋቁሞ የታሸጉትን እንደገና እያየ ለደረጃቸው ጠንካራ የሆኑትን በአረንጓዴ ምልክት መለየት የጀመረው። የጥንት ሳንቲም የሚገዛ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ የኤንጂሲ የጥንት ሳንቲሞች ክፍል ለምቱና ለገጹ ለየብቻ ከ5 ነጥብ ይሰጣል። አጠቃላይ ደረጃው ከፍ ብሎ ገጹ 2 ከ5 የሆነ ሳንቲም ይገጥማል። ሦስቱንም አንብቡ።

ያልታሸገውን ስትመረምሩ ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙ፤ ሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፍ። ብርሃኑ ከአንድ አምፖል ይምጣ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ረጅም ነጭ መብራት ጭረት ይደብቃል። ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። መጀመሪያ በባዶ ዓይን፣ ቀጥሎ በማጉያ። ዘውዱንም ጎፈሩንም አገላብጡ፣ ጠርዙንም አትርሱ፤ ተበይዶ የተነቀለ ሳንቲም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በጠርዙ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ቀጫጭን ጭረቶች ካያችሁ ሳንቲሙ በጨርቅ ተጠርጓል።

እንደየፍላጎቱ

ገና ለጀመረና ገንዘቡ ለተወሰነ ሰው፦ አንድ ዓይነት ሳንቲም ምረጡ፤ ያንኑ ሳንቲም በቪኤፍ፣ በኤክስኤፍና በኤዩ ሦስት ጊዜ ግዙ። የተለመደ፣ ርካሽ ሳንቲም ይሁን። ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ከብዙ ንባብ የበለጠ ዓይን ያስለምዳል። የምትመርጡትን ደረጃ ከዚያ በኋላ ወስኑ።

ሙሉ ስብስብ ለሚሠራ፦ ሁሉንም በአንድ ደረጃ አካባቢ አድርጉ። አንዱ 65 ሌላው ጉድ 6 የሆነ ስብስብ ዓይን አይይዝም። ብርቁ ዓመት በጀታችሁን የሚወስን ስለሆነ መጀመሪያ የእሱን ዋጋ ጠይቁ፤ ሌላውን ወደ እሱ ደረጃ አውርዱ።

አንድ ቆንጆ ሳንቲም ብቻ ለሚፈልግ፦ ኤዩ 58 ወይም ዓይነ ግቡ 64።

በብረቱ ዋጋ ገንዘቡን ለማቆየት ለሚያስብ፦ ደረጃ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። የወርቅ ወይም የብር ሳንቲም ለብረቱ ስትገዙ ቁጥሩ የሚጨምረውን ዋጋ ስትሸጡ የሚመልስላችሁ ላይገኝ ይችላል።

ለትርፍ ገዝቶ ለሚሸጥ፦ ገምጋሚዎቹ በየደረጃው ስንት ሳንቲም እንዳዩ የሚያሳይ ዝርዝር ያወጣሉ። ከእናንተው ደረጃ በላይ ስንት እንዳለ ተመልከቱ። አንድ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚላክ ቁጥሩ ከእውነታው ሊበዛ ይችላል።

ውርስ ለደረሰው፦ አትጠቡት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በብር ማጽጃ ፈሳሽም። ያ ጥቁር ቀለም ለሻጩ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ከተነሣ ግን አይመለስም። ሳንቲሞቹን ከለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ አውጡ፤ እሱ ጊዜ እየቆየ አረንጓዴ ቅባት እየለቀቀ ብረቱን ይበላል። ፒቪሲ በሌለበት ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ማይላር በተባለው ስስ ፕላስቲክ ውስጥ አኑሩና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ እንዳሉ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች አሳዩ፤ አንዱ ሳንቲሞቹን መግዛት የማይፈልግ ቢሆን ይመረጣል።